ማደንዘዣ በምራቂ

መርካቶ ውስጥ ማደንዘዣ እንደ ጨርቅ ተመርጦና ተዳብሶ ነው የሚገዛው። እያጋነንኩ አይደለም። ከዱባይ ተራ ጀርባ ካሉት ፎቆች በአንዱ፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣ በሻንጣ ሱቅና በስልክ ጠጋኝ መሐል የተሸጎጠች ክሊኒክ አለች። እዚያ በር ላይ ግማሽ ቀን የተቀመጠ ሰው የምለውን ሁሉ በዓይኑ ያያል። ታካሚው ገብቶ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ሕመሙ አይደለም። «ማደንዘዣው የየት አገር ነው?» ይላል። ሐኪሙም አይገረምም፤ ብልቃጡን ከመደርደሪያው አንስቶ ማሸጊያው እንዳልተነካ ያሳየዋል። ሰውየው ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ይወስድና ጽሑፉን ያነባል። ማንበብ የማይችለውም ያነባል። «ኦርጅናል ነው አይደል?» ይላል ቀጥሎ። «የሚቆየው ነው ወይስ ቶሎ የሚለቀው?» ይላል። መጨረሻ ላይ ሸሚዙን እያወለቀ፣ ለሽንኩርትም ለሚስማርም ለሕፃን ካልሲም የሚላትን ይላታል፦ «ምራቂ እንዳትረሳ።»

ምራቂ ማለት ሻጭ ከለካው በላይ ለደንበኛው ደስታ ብሎ ጣል የሚያደርጋት ጭማሪ ናት። ያለ ምራቂ ዕቃ ገዝቶ የሄደ ሰው ቀኑን ሙሉ እንደ ተዘረፈ ሲብሰለሰል ይውላል። ሽንኩርት ላይ ነገር የለኝም፤ በሁለት ራስ ሽንኩርት ብልጫ የሞተ ሰው አላውቅም። እኔን የሚያንገሸግሸኝ ይህን አመል መርፌ ድረስ ይዘውት መውጣታቸው ነው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ሐኪሙ ነው። የተማረ፣ ግድግዳው ላይ ዲፕሎማ የሰቀለ ሰው ነው። ግን ደንበኛ ወደ ማዶው ክሊኒክ እንዳይሸሽበት ብሎ ይመርቃል። ባዶውን ብልቃጥ ሳይቀር አይጥለውም፤ ሰው ሁሉ እንዲያየው ትሪው ላይ ያቆመዋል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የማስተምረው ፊዚዮሎጂ ነው፤ ሰውነት በጤናውም በሕመሙም እንዴት እንደሚሠራ። የመመረቂያ ጽሑፌን የጻፍኩት ማደንዘዣ በሴሎች የፖታሲየም በሮች ላይ ስለሚያደርገው ነገር ነበር። ያን ሰሞን አባቴ ሱቁ ውስጥ ካርቶን እየደረደረ ስለ ምን እንደምጽፍ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«በሩ የት ነው ያለው?» አለኝ።

«ሴሉ ሽፋን ላይ። በጣም ትንሽ ቀዳዳ ናት።»

«ትታያለች?»

«በዓይን አትታይም።»

«ታዲያ ማን ይገዛታል?» አለና ወደ ካርቶኖቹ ዞረ።

ከዚያ በኋላ ለመደዳው ሱቅ ሁሉ «ቀዳዳ የምታጠናዋ» ሆንኩ። አንዱ ጃኬት ነጋዴ አፉን ከፍቶ «እስቲ ጉሮሮዬን እዪልኝ» ይላል። ሐኪም አይደለሁም ስለው ከልቡ ያዝናል። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ስትሠሪ ከረምሽ?» ይለኛል። እኔም ለእነሱ ያለኝን ንቀት ደብቄ አላውቅም። አንድን ጫማ ገና ከሳጥኑ ሳይወጣ በጠረኑ ብቻ ፎርጅድ መሆኑን የሚለዩ ሰዎች፣ ስለ ገዛ ልባቸው ሲነገራቸው ስልካቸውን ይነካካሉ። ከተማሪዎቼም ቢሆን ብዙ አልጠብቅም። በየዓመቱ ፈተና ላይ «ማደንዘዣ የሶዲየምን በር ይዘጋል» ብለው ይጽፉና እስክሪብቷቸውን ያስቀምጣሉ። ግማሽ ማርክ እሰጣቸዋለሁ። የተቀረውን ግማሽ የሚጠይቀኝ የለም፤ ስለ ማርኩ ግን ቢሮዬ ድረስ መጥተው ይከራከራሉ።

ነገሩ ከባድ አይደለም። የሕመም ወሬ በነርቭ ውስጥ የሚጓዘው በኤሌክትሪክ ነው፤ ኤሌክትሪኩን የሚፈጥሩት ደግሞ በጥቃቅን በሮች የሚገቡና የሚወጡ ጨዎች ናቸው። ሶዲየም በራሱ በር ይገባል፤ ነርቩ ይነሣል። ፖታሲየም በሌላ በር ይወጣል፤ ነርቩ ያርፍና ለሚቀጥለው ይዘጋጃል። ማደንዘዣ በዋናነት የሚዘጋው የሶዲየምን በር ስለሆነ ነርቩ መነሣት ያቅተዋል፤ ወሬውም መንገድ ላይ ይቀራል። እስከዚህ ድረስ ተማሪዎቼም ያውቃሉ። ግን መድኃኒቱ አንድ በር ብቻ አያውቅም። የፖታሲየምንም በር ይይዛል። አንዳንድ ቀጫጭን ነርቮች ላይ ገና በትንሹ ይይዘዋል፤ እዚያ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ለማደንዘዙ ያግዛል። ጉዳቱ ልብ ጋ ሲደርስ ነው። ልብም የሚመታው በእንዲህ ዓይነት በሮች ነው፤ ከመታ በኋላ የሚያርፈውም ፖታሲየም ሲወጣለት ነው። ብዙ ማደንዘዣ ከተወጋበት ቦታ ወደ ደም ሾልኮ ልብ ከደረሰ፣ የመነሻውንም የማረፊያውንም በር ይይዛል። ያን ጊዜ ልብ በቅጡ ሳያርፍ ለሚቀጥለው ምት ይጠራል። «የሚቆየው» የሚሉት ዓይነት ደግሞ ልብ ላይ ከሌሎቹ ይብሳል፤ ያዝ ያደረገውን ቶሎ አይለቅም። መርካቶ የሚወደው እሱኑ ነው፤ ስለሚቆይ።

አባቴ የጫማ ጅምላ አከፋፋይ ነው። ጀርባው ላይ፣ ከቀኝ ትከሻው ዝቅ ብሎ፣ ብርቱካን የምታህል የስብ እብጠት ነበረችው። አታመውም። ለዓመታት ተሸክሟት ሲኖር ስሟን አንሥቶ አያውቅም ነበር። የታናሽ ወንድሜ ሠርግ ሲደርስ ግን ከቱርክ የመጣ ሙሉ ልብስ ለበሰና ሁለት መስታወት ፊትና ኋላ አስይዞ ጀርባውን አየ። ኮቱ እብጠቷ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። «ይቺ ሳትነሣ ፎቶ አልነሣም» አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚያ ቀደም ብሎ አባቴ ሱቁ ውስጥ ካርቶን ሊያወርድ እጁን እንደሰቀለ ተዝለፍልፎ ወድቆ ነበር። ሆስፒታል ወስጄው የልብ ምርመራ ሲደረግ፣ ልቡ ከምት በኋላ ለማረፍ ከሚገባው በላይ ጊዜ ይወስድበታል ተባለ። ደሙ ሲታይ ፖታሲየሙ ዝቅ ብሏል። ምክንያቱ ለደም ግፊቱ የሚወስደው፣ ቶሎ ቶሎ ሽንት የሚያመላልሰው ኪኒን ነው፤ ፖታሲየሙን አብሮ ያስወጣበታል። ሐኪሟ ኪኒኑን ልትቀይርለት ቀጠሮ ሰጠችው፤ ፖታሲየም ያለበት ሽሮፕም አዘዘችለት። ሽሮፑን አንዴ ቀመሰና «ይህ የባትሪ ውሃ ነው» ብሎ መደርደሪያ ላይ ረሳው። ቀጠሮው ቀን ኮንቴይነር ደረሰልኝ ብሎ ቀረ።

ስለዚህ እብጠቷን እዚያች ክሊኒክ አስወጣለሁ ሲል ለመንኩት። መጀመሪያ ፖታሲየምህ ይስተካከል፣ ከዚያ የልብ መቆጣጠሪያ ያለበት ሆስፒታል ውስጥ ይሠራልህ፣ ቀጠሮውን እኔ እይዛለሁ አልኩት።

«ለስብ?» አለ። «ለዚህች ስብ ብዬ ሆስፒታል ወረፋ ልያዝ?»

«ለስቡ አይደለም አባዬ። ለማደንዘዣው ነው። ልብህ አሁን ባለበት ሁኔታ ብዙ ማደንዘዣ ቢደርሰው ሊቆም ይችላል።»

«ሰውየው ደንበኛዬ ነው። ጫማ የሚገዛው ከእኔ ነው። አያጭበረብረኝም።»

አባቴ በዚህ ዓለም ላይ የሚያውቀው አደጋ አንድ ብቻ ነው፤ መጭበርበር። ካልተጭበረበረ የሚሞት አይመስለውም። ቢሆንም ስጨቀጭቀው «እሺ፣ ያዢልኝ» አለና ቀጠሮውን እስክይዝ ሊጠብቀኝ ቃል ገባ።

ቀጠሮውን ይዤ፣ ከክፍል ወጥቼ በቀጥታ ወደ ሱቁ ስሄድ የጠበቀኝ ጃኬት ነጋዴው ነበር፤ የራሱንና የአባቴን ሱቅ አንድ ላይ ይጠብቃል። ገና ሲያየኝ ሳቀ። «አባትሽ ወደ ላይ ወጥተዋል። ዛሬ ሸክማቸውን ሊያወርዱ ነው» አለኝ። ጣቱን ወደ ፎቁ ቀሰረ።

ሊፍቱ እንደ ወትሮው አይሠራም። ደረጃው በካርቶን ተሸካሚዎች ተጨናንቋል። እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም፤ ብቻ ክሊኒኳ በር ላይ ስደርስ ትንፋሼ ተቆራርጦ ነበር። አባቴ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ሆኖ አልጋው ላይ በሆዱ ተኝቷል። ጀርባው በአዮዲን ቢጫ ሆኗል። ትሪው ላይ አንድ ባዶ ብልቃጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሐኪሙ ሁለተኛውን ብልቃጥ ገልብጦ ወደ ስሪንጅ እየሳበ ነው።

«ማን ነገረሽ?» አለ አባቴ ፊቱን ሳያዞር። በኮቴዬ አወቀኝ።

«እንኳን መጣሽ እህቴ» አለኝ ሐኪሙ። «ጋሼ ገና አልደነዘዘም እያሉ ነው። ትንሽ ልመርቅላቸው ነው።»

«የመጀመሪያውን ሙሉውን ነው የሰጧቸው?»

«እብጠቷ ሰፊ ናት።»

«የሚቆየውን?»

«የሚቆየው ይሁን ያሉት እሳቸው ናቸው።»

የአባቴ ፖታሲየም ዝቅ ማለቱን፣ ልቡ ቀድሞም ማረፍ እንደሚያስቸግረው፣ ከዚህ በላይ አንዲት ጠብታ መጨመር እንደሌለበት ለሐኪሙ ነገርኩት። ስሪንጁን አላስቀመጠም። ፈገግ አለ፤ ያ ለማያውቅ ሰው የሚደረግ፣ ትዕግሥት የተቀላቀለበት ፈገግታ ነው። «ፖታሲየም? እህቴ፣ ማደንዘዣ እኮ የሚሠራው ሶዲየም ላይ ነው» አለኝ። በየዓመቱ ግማሽ ማርክ የምሰጣት ዓረፍተ ነገር ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ መርፌ ይዛ፣ አባቴ ጀርባ ላይ ቆማ አገኘኋት። በሕይወቴ ሰውን እንደዚያች ደቂቃ ንቄ አላውቅም።

«ተዋት» አለ አባቴ ከትራሱ ውስጥ። «ቀዳዳዋን ነው የምትለው። ጨምር አንተ!» ከዚያ፣ የሐኪሙ ስም ለምን በከንቱ ይጎዳል ብሎ ነው መሰለኝ፣ ዕቃውን አመሰገነለት። «ለነገሩ ዕቃው አሪፍ ነው። ጀርባዬን ወግተኸኝ ምላሴ ድረስ ደነዘዘ። ከንፈሬን ራሱ ፈልጌ አጣሁት።»

ይህን ሲል ምላሱ ተሳስሯል። ጥሩ ዕቃ ገዝቶ ለጎረቤት እንደሚያሳይ ሰው በኩራት ነው የተናገረው። ሐኪሙም ተመሰገንኩ ብሎ ደስ አለው፤ ደስታው ፊቱ ላይ ሲመጣ አይቻለሁ። ቀጥሎ የተባለው ነገር ገባውና ያው ፊት አመድ መሰለ።

ጀርባ ላይ የተወጋ ማደንዘዣ በነርቭ ተጉዞ ምላስ የሚደርስበት መንገድ የለም። ያለው መንገድ ደም ነው። ምላሱ ከደነዘዘ መድኃኒቱ በደም ገብቶ ሰውነቱን እየዞረ ነው፤ አንጎል ደርሷል ማለት ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው መንቀጥቀጥ ነው፤ ከዚያ ልብ። ስንቱ ሰው ከዚህች አልጋ ምላሱ ደንዝዞለት፣ ምርጥ ዕቃ አገኘሁ ብሎ አመስግኖ ወርዶ ይሆን?

«መርፌውን አስቀምጥ!» ብዬ ጮኽኩ። እርስዎ ማለቱን ረሳሁት። አስቀመጠ።

አባቴን ገልብጠን በጀርባው አስተኛነው። ኦክስጅን አለ ወይ አልኩ፤ ሲሊንደሩ ከጫማ ካርቶኖች ጀርባ ተገኘ፤ አቧራ የለበሰ ቢሆንም ይሠራል፤ ጭንብሉን አፍንጫውና አፉ ላይ አጠለቅንለት። የልብ መቆጣጠሪያ የለም። ለእንዲህ ዓይነት ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ ነጭ፣ ስብ የሆነ መድኃኒት አለ፤ ማደንዘዣውን ከደም ውስጥ ይሰበስባል። አላችሁ ወይ ስለው ዓይን ዓይኔን አየኝ። ሰምቶት የሚያውቅም አልመሰለኝም። ከየት አገር እንደመጣ በመስኮት ብርሃን የሚመረመር ማደንዘዣ ሞልቷቸዋል፤ ሲሳሳቱ የሚያድን አንድ ብልቃጥ አላስቀመጡም። አምቡላንስ ጥራ አልኩት። ጠራ። በዚያ ሰዓት መኪና ከራጉኤል በኩል እስከዚህ ፎቅ በር አይገባም፤ መንገዱ አፍ ላይ ይቆማል፤ እናንተ አውርዱት ተባልን። የሚሸከም ሰው ፍለጋ ደግሞ ያው ሐኪም ወደ ደረጃው ሮጠ።

ሁለታችን ብቻ ቀረን። የአባቴን አንጓ ይዣለሁ። ምቱ ይሄድ ይሄድና ይዘልላል፤ ከዝላዩ በኋላ የምትመጣዋ ምት ዘግይታ ነው የምትመጣው።

«ጆሮዬ ይጮሃል» አለ።

«እሰማሃለሁ አባዬ።»

«ልቤ ምን እያለ ነው?»

«እየመታ ነው።»

«እንዴት አድርጎ?»

መዋሸት አልችልበትም። «አንዳንዴ ይዘልላል» አልኩት።

ዓይኑ ከጣሪያው ላይ ወርዶ እኔ ላይ አረፈ፤ እንዲህ ትኩር ብሎ አይቶኝ አያውቅም። ከዚያ እጅጌዬን ያዘና በዚያ በተሳሰረ ምላሱ፣ «በይ ያንን በር ንገሪኝ» አለኝ።

ነገርኩት። ሶዲየም ይገባል፣ ልብ ይነሣል፤ ፖታሲየም ይወጣል፣ ልብ ያርፋል። ጭንብሉ ውስጥ ሆኖ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አየሁና ጎንበስ አልኩለት።

«አሁን መርፌው የቆመው የትኛው በር ላይ ነው?» ይላል።

«ሁለቱም ላይ።»

«መግቢያውም መውጫውም ላይ? መጋዘን ቢሆን እኮ ዕቃው ይበሰብሳል።»

«ለዚህ ነው ልብህ የሚዘልለው። የገባው ሳይወጣ ሌላ ይመጣበታል።»

«ይለቃል?»

«ይለቃል። ደምህ ጠርጎ ይወስደዋል፤ ጉበትህ ይፈጨዋል። ጊዜ ነው የሚፈልገው።»

«ባይለቅስ?»

ምቱን ለመቁጠር አንጓው ላይ አጎነበስኩ። እጅጌዬን ጠበቅ አደረገ። «አታቁሚ። ንገሪኝ» አለ።

እነዚያ ሁለት ጥያቄዎች፣ የትኛው በር ላይና ይለቃል ወይ የሚሉት፣ በማስተምርባቸው ዓመታት ሁሉ ካንድም ተማሪ አፍ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ሰው እንኳ እንዲህ ቃል በቃል ተከትሎኝ አያውቅም። ግን ደስ አላለኝም፤ ተናደድኩ። አባቴ አንዴ እንዲሰማኝ ልቡ ለመቆም መድረስ ነበረበት ማለት ነው እያልኩ ተናደድኩ። እንዳይሞትብኝ እየፈራሁ፣ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ እንደማስረዳ ስለ ፖታሲየም አወራሁለት።

ሐኪሙ አራት ካርቶን ተሸካሚዎች ይዞ ተመለሰ። ገና ሸክማቸውን ያወረዱ፣ ላባቸው ያልደረቀ ጎረምሶች ናቸው። አባቴን ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ካርቶን በሚያስሩበት ገመድ ደረቱ ላይ ሸብ አደረጉትና አነሡት። እኔ ከጎኑ አንጓውን ይዤ አንዱን ደረጃ ካንዱ ሳልለይ እየረገጥኩ እወርዳለሁ። ሐኪሙ ከኋላችን ሲሊንደሩን አቅፎ ይከተላል። «ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ አያውቅም» ይላል ደጋግሞ፤ ለእኔ ይሁን ለራሱ አልገባኝም። ዞር ብዬም አላየሁት። ወደ ላይ የሚወጡት ተሸካሚዎች «ሸክም ነው! ዞር በሉ!» ይላሉ፤ የእኛዎቹም «ሰው ነው! እናንተ ዞር በሉ!» ይሏቸዋል። ከየሱቁ አንገት ይወጣል። አንዷ ሻጭ «ምን ሆነው ነው?» ስትል ሌላዋ «ማደንዘዣ በዛባቸው» አለቻት፤ «ኤጭ፣ በዛ አለች ደግሞ! እኔን ጥርሴን ሲነቅለኝ ያልበዛው» አለች የመጀመሪያዋ።

«የት ደረስን?» አለ አባቴ።

«ሦስተኛ ፎቅ።»

«እሱን አይደለም። በሩን።»

ቀጠልኩለት። በደሙ ውስጥ ፖታሲየም ሲያንስ የመውጫው በር ራሱ ሥራውን እንደሚያቀዘቅዝ፣ ብዙ ሰው ውጪ ሲያንስ ከሴሉ ቶሎ ይወጣል ብሎ እንደሚያስብ፣ ነገሩ ግን ተቃራኒው እንደሆነ ነገርኩት። ያ ሽሮፕ ለምን እንደታዘዘለት አስረዳሁት። ራሱን ይነቀንቃል። አንጓው ላይ ያሉት ጣቶቼ ደንግጠው ስለደነዘዙ ምቱን የማገኘው በጭንቅ ነበር። ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ተሸካሚዎቹ ለማረፍ ቆሙ። ያን ጊዜ ቆጠርኩ፤ ምት፣ ምት፣ ምት፤ አልዘለለም። አላመንኩም። ደግሜ ጠበቅኩ። አንድ ጊዜ ዘለለና ከዚያ በኋላ ቀጥ ብሎ ሄደ።

አባቴ ከንፈሩን ላሰ። አንዴ ላሰው፣ ደግሞ ላሰው። ጭንብሉን በእጁ ገፋ አደረገው።

«ምላሴ መጣ» አለ። ጥርት ብሎ ነው ያለው።

ተሸካሚዎቹ እንደገና አነሡት። ከታች ያለው ልጅ ወንበሩን በእጁ ብቻ ይዞት ነበርና ወንበሩ ወደ ፊት አዘነበለ። አባቴ በወጣትነቱ በዚህ ሰፈር ተሸካሚ ነበር፤ ይህን ሰው ፊት አያወራውም። አሁን ግን በገመድ እንደታሰረ ድምፁን ለቀቀው። «አንተ ደነዝ! ትከሻህን ከሥር አስገባ እንጂ! በእጅ ነው ዕቃ የሚያዘው? ላይኛው፣ አንተ ደግሞ ምን ትስባለህ፣ ልትጥለኝ ነው? ማነው እናንተን ተሸካሚ ያላችሁ?» ልጆቹ ሳቁ። እንዳላቸውም አደረጉ፤ ወንበሩ ቀና አለ። አባቴ ግን አልጠገበም። ወደ ኋላ ዞሮ ሐኪሙን «ሲሊንደሩን በደንብ አቅፈው፣ ሕፃን አይደለም አይነክስህም» አለው።

እኔ አልሰማሁም ነበር፤ ወይም ሰምቼ ማቆም አልቻልኩም። ቃል ከአፌ ይወጣል። ሆስፒታል ስንደርስ መጀመሪያ ፖታሲየሙ መለካት እንዳለበት፣ ልቡ እስኪነጋ መቆጣጠሪያ ላይ መዋል እንዳለበት፣ መድኃኒቱ ምላሱን ስለለቀቀው ብቻ ልቡን ሙሉ በሙሉ ለቆታል ማለት እንዳልሆነ፣ በሩ ገና ግማሹ…

«ውይ አንቺ ልጅ!» አለኝ። እጅጌዬን ለቀቀው። «በቃሽ እስቲ! አንድ ፎቅ ሙሉ ለማትታይ ቀዳዳ! ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል፣ አታሳፍሪኝ።»

ዝም አልኩ። አንጓውን ግን አልለቀቅኩም፤ በጣቶቼ ሥር ልቡ ይመታል፣ ያርፋል፣ ይመታል። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም። አባቴ ሲንቀኝ እንደዚያን ዕለት ደስ ብሎኝ አያውቅም።